የቆዩ ተረቶች ለአዲስ አንባብያን

ሰው ፊደልን ከለየ በኋላ መጀመሪያ የሚያነበው ነገር ምን ቢሆን ይጠቅመዋል? የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል በምናከብርበት በዚህ ዓመት፣ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በታሪክ መንገድ ልንመረምረው አስበናል።

በቀድሞ ዘመን ልጅ ከቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደሉን ካጠና በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ወንጌሉንና ዳዊትን ያነብ ነበር። ይህ ትምህርት አንደበቱን ያቃናለታል፤ ነገር ግን ንባቡ በግዕዝ ስለ ሆነ ብዙው ልጅ ትርጉሙን አያውቅም ነበር። የአያቱን ተረት ደግሞ ትርጉሙን ቢያውቅም በጽሑፍ አያገኘውም።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአማርኛ መጽሐፍ እየበዛ ሄደ። ከጠላት ወረራ በኋላም ከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በተባሉት መጻሕፍታቸው አጫጭር ታሪኮችን በግጥም አቀረቡ፤ መጻሕፍቱም ደጋግመው ታትመው ለብዙ ተማሪ የንባብ መለማመጃ ሆኑ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሽማግሌውንም ባልቴቷንም ጀማሪ አንባቢ አደረጋቸው። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም.ም በአዲስ አበባ ሾላ ሠፈር የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ።

የታወቀ ተረት ለጀማሪ የሚስማማበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ አይለይም። «አለ» የሚለው ቃል ሲላላ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ግን «ይገኛል» ማለት ነው። «ጅብ አለ» የሚለውን ያየ ጀማሪ ጅቡ ተናገረ ወይስ ጅብ በዚያ አለ ብሎ ያመነታል። ተረቱን በጆሮው የሚያውቅ ልጅ ግን ሳይሳሳት ያልፈዋል፤ ጆሮ ዓይንን ይመራዋልና። በጥንታዊት ሮማም ኩዊንቲሊያን የተባለው መምህር ልጆች የኤዞፕን ተረት በቀላል ቃል እንዲያወሩ፣ ከዚያም እንዲጽፉት ይመክር ነበር።

ይህ ነገር በተለይ ለሠፈራችን ለመርካቶ ይመለከታል። መርካቶ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣልያን ወረራ ዘመን፣ ገበያው ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተስፋፋ ሠፈር ነው። ጉራጌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ዶርዜው፣ ሐረሪው በአንድነት ይነግዱበታል። ስለዚህ በአዲስ ከተማ በአንድ ወንበር የሚቀመጡ ልጆች በየቤታቸው ልዩ ልዩ ቋንቋ ይሰማሉ፤ ሞኙን ጅብና ብልጧን ጦጣን ግን ሁሉም ያውቋቸዋል። ከሱቅ የሚውል ልጅ በየቀኑ የሚያነበው የሱቅ ስምና የዋጋ ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ንባብ ማለት ሒሳብ ብቻ መስሎ ይቀርበታል።

ይሁን እንጂ አሳታሚው ይቅለል ብሎ የቆየውን ቃልና ምሳሌያዊ አነጋገሩን ሁሉ ቢያወጣው፣ ተረቱ ሥጋ የሌለው አጥንት ይሆናል። ፊደሉ ይጉላ፣ ዐረፍተ ነገሩ ይጠር፣ ሥዕልም ይጨመር። የከተማ ልጅ የማያያቸውን እንደ ሞፈርና እንደ ጎተራ ያሉትን ቃላት ግን ከገጹ ግርጌ መፍታት እንጂ መጣል አይገባም። ቃሉ ከጠፋ ከአያቱ ጋራ የሚነጋገርበት መንገድ ይጠፋበታልና።

እንግዲህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ለልጃችሁ ደብተር ስትገዙ አንድ የተረት መጽሐፍ ጨምሩለት፤ ማታም እናንተ አውሩለት፣ እርሱም ያንብብላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።