ከዕቃው የማይለይ ስም፤ የፕላስቲክ ማሸጊያ መለያ ታሪክ



የኢንዱስትሪን ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ስለ እንፋሎት ሞተርና ስለ ባቡር ሐዲድ መናገር ይቀናናል። ዛሬ የምናገረው ግን ውፍረቷ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንኳ ስለማይሞላ አንዲት የፕላስቲክ ቅጠል ነው። በአይስክሬም ወይም በማርጋሪን ዕቃ ላይ በጥፍራችሁ ልትልጧት ሞክራችሁ እምቢ ያለቻችሁ መለያ እርሷ ናት። እምቢ የምትለው ሙጫዋ ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ ሙጫ የላትም። ዕቃው ሲፈጠር አብራ የተዋሐደች የግድግዳው አካል ናት።

ለረጅም ዘመን ዕቃን መሥራትና ዕቃን መሰየም ሁለት የተለያዩ ተግባራት ነበሩ። ጠርሙሱ ይሠራል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይከማቻል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀት ይለጠፍበታል ወይም ቀለም ይታተምበታል። ይህ ልማድ ለብርጭቆ ተስማሚ ነበር። ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ሲመጡ ግን ችግር ተፈጠረ፤ ገጻቸው እንደ ሰም የሚያዳልጥ በመሆኑ አስቀድሞ በእሳት ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ ካልታከመ በቀር ቀለምም ሙጫም በደንብ አይዝላቸውም።

መፍትሔው የሩቅ ዘመድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሜላሚን ሳህን የሚሠሩ ፋብሪካዎች አበባ የታተመበትን ወረቀት ሳህኑ ገና በቅርጽ ማውጫው ውስጥ ሳለ ያኖሩበትና አብረው ይጫኑት ነበር። ሥዕሉ በእጥበት የማይለቀው ስለዚህ ነው። ወደ ማሸጊያ ዓለም የተሻገረው ግን በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 በሁለት የብርጭቆ ኩባንያዎች ውሕደት የተመሠረተው ኦወንስ ኢሊኖይ ከፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ጋር ተባብሮ ዘዴውን በሄድ ኤንድ ሾልደርስ ሻምፖ ጠርሙስ ላይ አዋለው። ምርጫው ድንገተኛ አይመስለኝም፤ ሻምፖ ዕድሜውን በውኃና በእንፋሎት መካከል የሚያሳልፍ ዕቃ ነው፣ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ በዚያ ስፍራ ይሸበሸባል፣ ይላጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1974፣ ባር ኮድ በኦሃዮ አንድ መደብር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መነበብ መጀመሩንም ልብ በሉ። ከዚያ ወዲህ የተጨማደደ መለያ የውበት ጉድለት ብቻ መሆኑ ቀረ፤ መሣሪያው ካላነበበው ሽያጩን ያስተጓጉላል።

አሠራሩን ላስረዳ። በአየር በሚነፋው ጠርሙስ፣ ትኩስ የፕላስቲክ ቱቦ በተከፈተው ቅርጽ ማውጫ መካከል ይወርዳል። ማውጫው ከመዘጋቱ በፊት የማሽን ክንድ መለያውን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያኖራል፤ ከጀርባ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየሩ ስለሚሳብ መለያው አይወድቅም። ማውጫው ተዘግቶ አየር ሲነፋ ፕላስቲኩ ተወጥሮ መለያውን ይደርስበታል፣ ሙቀቱም በመለያው ጀርባ የተቀባውን ንጣፍ አቅልጦ ያጣብቀዋል። የመጀመሪያዎቹ መለያዎች ወረቀት ነበሩ።

ሁለተኛው መንገድ፣ ቀልጦ በግፊት በሚገባው ፕላስቲክ የሚሠራው፣ በእኔ ግምት ይበልጥ የሚደነቅ ነው። ጁሊዮ ናታ እ.ኤ.አ. በ1954 በሚላኖ ያገኘው ጠንካራ ፖሊፕሮፒሊን መለያውም ዕቃውም ከአንድ ቁስ እንዲሆኑ በር ከፈተ። መለያው በቫክዩም ወይም በስታቲክ ኤሌክትሪክ ተይዞ ይጠብቃል፤ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የጋለው ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ሲገባ የመለያው የውስጥ ገጽ ቀልጦ ከዕቃው ጋር አንድ ይሆናል። ስስ ኩባያ በጥቂት ሰከንድ ስለሚወጣ፣ የሮቦቱ ክንድ በአንድ ጉዞ የተጠናቀቀውን ኩባያ አውጥቶ አዲሱን መለያ ማኖር አለበት። መለያው በጥቂቱ ካፈነገጠ ወይም ከታጠፈ ዕቃው በሙሉ ይጣላል። በቀድሞው ሥርዓት የተበላሸ ወረቀት ተልጦ ሌላ ይለጠፍ ነበር፤ እዚህ ዕቃና ስም አብረው ይሞታሉ።

ዘዴው በተለይ በአውሮፓ የማርጋሪንና የአይስክሬም ዕቃዎች ላይ የተስፋፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፎቶግራፍ የሚመስል ኅትመት ይሰጣል፣ ቅዝቃዜና እርጥበት አይፈታውም፣ የመለጠፊያውን መሥመር ያስቀራል፤ ንድፍ ለመለወጥም በመሠረቱ የመለያውን ቁልል መለወጥ ይበቃል። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ቅርጽ ማውጫውና ሮቦቱ ውድ በመሆናቸው ጥቂት ሺህ ዕቃ ብቻ ለሚያዝ ደንበኛ አያዋጣም።

ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚነገረውን ጥቅም በጥንቃቄ መስማት ይገባል። በወረቀት ዘመን የወረቀቱ ጭረት ተፈጭቶ በሚቀልጠው ፕላስቲክ ውስጥ እየገባ ያበላሸው ነበር። መለያውና ዕቃው ሁለቱም ፖሊፕሮፒሊን ሲሆኑ ይህ ችግር ይወገዳል። ቀለሙ ግን አይወገድም፤ ከዕቃው ጋር ይቀልጣል፣ ተመልሶ የሚገኘውም ፕላስቲክ ይጠቁራል። «ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» የሚለው ማስታወቂያ ግማሽ እውነት የሚሆነው በዚህ ነው።

ከአገራችን ኑሮ ጋር ያለው ግንኙነት ደግሞ ሌላ ነው። በእኛ ቤት ዕቃ ባዶ ሲሆን አይጣልም። የማርጋሪኑ ዕቃ በርበሬ ይያዝበታል፣ ጀሪካኑ ውኃ ይቀዳበታል። ለበርበሬው የማይለቀው መለያ ተራ ውሸት ነው፣ ማንንም አይጎዳም። የፀረ ተባይ ኬሚካል ዕቃ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የወረቀት ማስጠንቀቂያ በአንድ እጥበት ይነሣል፣ ዕቃውም ታሪኩን ረስቶ ወደ ወጥ ቤት ይገባል። ከግድግዳው ጋር የተዋሐደ የራስ ቅል ምልክት ግን ለሦስተኛውም ለአራተኛውም ባለቤት፣ ማንበብ ለማይችለውም ጭምር፣ ይታያል። የማሸጊያ ደረጃ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ የዋጋ ጥያቄ ሲነሣ ይህኛው ጥቅም በየትኛው የሒሳብ ዓምድ እንደሚገባ ተማሪዎቼ እንዲከራከሩበት እፈልጋለሁ፤ ቀሪውን ሰዓት ለእናንተ ለቅቄአለሁ።