ዜማውን ያቆየው ማን ነው? የጋይንት ጉባኤ ቤቶችና የገበሬው ቁራሽ



ቅርስ ስንል በአብዛኛው የምናስበው ሕንፃን፣ ብራናንና የታላላቅ ሰዎችን ስም ነው። ዛሬ የምናገረው ግን በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ምድር፣ ሲወርድ ሲዋረድ ስለመጣው የዜማ ትምህርትና በታሪክ ጽሑፎቻችን ስሙ እምብዛም ስላልተጠራ ባለውለታው ነው። እርሱም ተማሪውን ያበላው ገበሬ ነው።

አስቀድሜ የአገሩን ነገር ላስታውስ። የጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ድጓን በሌላ አገር የተማረ ሰው በመምህርነቱ እንዲታወቅ ወደ እርሷ ሄዶ ያስመሰክራል። ዚያው ጋይንት የሚገኘው ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ቤት ነው። የደቡብ ጎንደሩ ቆማም በስሙ የሚጠራ የዜማ ስልት አለው። ትውፊቱ የዜማውን ጅማሬ ለ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ፣ የምልክቱን ሥርዓት ደግሞ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ መጻሕፍት ሲጠፉ ድጓ ተርፎ የተገኘው በቤተልሔም ነው ሲሉም ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በ3 ቅጾች ያሳተሙት የዜማ ጥናትም የቤተልሔም ስልት ከሌሎቹ ይልቅ የተስፋፋ መሆኑን አሳይቷል።

ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሹ ነው። ድጓ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የሚዜም፣ ዓመቱን ሙሉ ለበዓላት የሚሆን ሰፊ መጽሐፍ ነው። ምልክቱ የሚያውቀውን ሰው ያስታውሰዋል እንጂ የማያውቀውን አያስተምረውም። ስለዚህ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታት ይቆጥራል፤ የራሱን ድጓ በብራና የሚገለብጥም ነበረ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ምን ይበላ ነበር?

እኔ የተወለድሁት በስማዳ፣ ከወገዳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ፣ ውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ በደጃችን ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል እናቴ ከሞሰቡ ቁራሽ አንሥታ ትሰጠው ነበር። በክረምት፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ አሮጌው ሲያልቅ፣ ሞሰቡ የሚጎድልበት ቀን ብዙ ነበር። ተማሪውን ግን ባዶ እጁን አትመልሰውም፤ ቁራሿን ለሁለት ትከፍላት ነበር እንጂ። ያን ጊዜ ይህ ምጽዋት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የትምህርት በጀት እንደነበረ ይገባኛል።

ይህን በጀት የከፈለው አገር ባለጸጋ አልነበረም። መሬቱ ተዳፋትና የተሸረሸረ፣ ዝናቡ የሚያስቸግር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል የጋይንትና የስማዳ ወረዳዎች ይገኛሉ። የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ገበሬውን ከባለመሬት አላቀቀው፤ በአንጻሩ ቤተ ክርስቲያንም መሬቷን በማጣቷ ከዚያ ይተዳደር የነበረው መምህር እንደ ተማሪው ሁሉ ወደ ምእመኑ እጅ ተመለከተ። ጉባኤ ቤቱ ሳይፈታ የቀረው ገበሬው ይህንንም ሸክም ስለተሸከመ ነው።

አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። ለዶክትሬት ጥናቴ ወደ አካባቢው በሄድሁ ጊዜ የመምህራንን የትውልድ ሐረግ መዘገብሁ፤ የብራናዎቹን ቅጠል ቈጠርሁ። ከጉባኤ ቤቱ አጠገብ ካሉት ቤቶች ግን አንዱን እንኳ አንኳኵቼ «ስንት ተማሪ አበላችሁ?» ብዬ አልጠየቅሁም። የእናቴ ልጅ ሆኜ ሳለ የእናቴን ድርሻ ከታሪኩ አወጣሁት።

ነገሩ ካለፈ ጸጸት በላይ ነው። ጥምቀት በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ሰፍሯል፤ በዓሉ ላይ የሚሰማው ዜማ የሚወጣው ከእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ነው። ድምፁን መቅረጽ፣ ብራናውን ፎቶ ማንሣት ደግ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የተቀረጸ ድምፅ ተማሪን አያርምም፤ መምህርም አይተካም። ዜማው የሚኖረው መምህርና ተማሪ አብረው መቀመጥ እስከቻሉ ድረስ ነው፤ አብረው የሚቀመጡትም የሚበሉት ሲኖር ነው። የገበሬው ጎተራ ከጎደለ ጉባኤውም ይጎድላል። ስለ ቅርስ ጥበቃ ስንመክር ስለ አፈሩና ስለ እህሉ መምከር ያለብንም በዚህ ምክንያት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ወደ ጋይንት ስትሄዱ የኔታን ጠይቁ። ከዚያ ወጥታችሁ የጎረቤቱን በር አንኳኩ፤ እንጀራ የምትጋግረዋን ሴት ጠይቁ፤ መልሷንም በግርጌ ማስታወሻ ሳይሆን በዋናው ምዕራፍ ጻፉት።