የጥርስና የመነጽር ሒሳብ

«ነጻ ሕክምና» የሚለውን ሐረግ በሰማሁ ቁጥር «ሒሳቡን ማን ከፈለው?» ብሎ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ለዚህ ጥያቄ ከብሪታንያ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1948 የሌበር ፓርቲ መንግሥት ብሔራዊ የጤና አገልግሎቱን ሲጀምር የጤና ሚኒስትሩ አኒዩሪን ቤቫን ነበር። ቤቫን ከደቡብ ዌልስ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች መንደር የወጣ፣ ራሱም በልጅነቱ ጉድጓድ የወረደ ሰው ነውና በሽታ የድሃን ቤት እንዴት እንደሚያራቁት ከመጽሐፍ አልተማረም። ባቆመው ሥርዓት ወጪው በአብዛኛው ከግብር ይሸፈናል፤ ታካሚው በሐኪሙ ደጃፍ ሳንቲም አይጠየቅም።

ቀጥሎ የሆነው ግን የግምጃ ቤቱን ሰዎች አስደነገጠ። ያለ ጥርስ የኖሩ አዛውንት፣ ዓይናቸው በቅጡ ሳይመረመር ከመደብር በገዙት ርካሽ መነጽር ሲንገላቱ የኖሩ ሠራተኞች በአንድ ጊዜ ጎረፉ። ወጪው ከግምቱ እጅግ አለፈ። ተቺዎች ብክነት አሉት፤ እኔ ግን ለዘመናት ተደብቆ የኖረ ሕመም እለዋለሁ።

ከዚያ የኮሪያ ጦርነት መጣ። በ1951 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሂው ጌትስኬል፣ ለሦስት ዓመት 4,700 ሚሊዮን ፓውንድ የታቀደለት የመከላከያ ወጪ በተጫነው በጀት፣ ታካሚው ለሰው ሠራሽ ጥርስና ለመነጽር የዋጋውን ግማሽ ያህል ይክፈል አለ። ከዚህ በመጀመሪያው ዓመት ይገኛል የተባለው 13 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። አንባቢ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጣቸው! ቤቫን በኤፕሪል ከካቢኔው ወጣ፤ ሃሮልድ ዊልሰንም ተከተለው።

ጌትስኬልን ማውገዝ ቀላል ነው። ሆኖም ቤቫን ራሱ በ1949 ለመድኃኒት ማዘዣ ክፍያ በር የከፈተውን ሕግ ሳይወድ ተቀብሎ ነበር። ካዝና ወሰን አለው፤ ዋጋ በማይጠየቅበት ቦታ ደግሞ ወረፋ ዋጋውን ይተካል። ዛሬም ብዙ ብሪታንያውያን ቀዶ ሕክምና ለማግኘት ወራት ይጠብቃሉ፤ ይህ ጥበቃ በማንኛውም የበጀት ሰነድ ላይ ወጪ ተብሎ አይመዘገብም።

በ1952 የኮንሰርቫቲቭ መንግሥት በማዘዣ ላይ አንድ ሺሊንግ ጣለ፤ በማግስቱ ዓመትም የአገልግሎቱን ወጪ የሚመረምር የጊልቦ ኮሚቴን አቋቋመ። ብዙዎች የጠበቁት የብክነት ማስረጃ ነበር። ኮሚቴው በ1956 ያወጣው ሪፖርት ግን የአገልግሎቱ ወጪ ከብሔራዊ ምርቱ የያዘው ድርሻ ከ1949/50 እስከ 1953/54 ባለው ጊዜ ከ3.75 ወደ 3.25 በመቶ መውረዱን አሳየ። ክፍያው ግን አልተነሣም፤ እንግሊዝ ውስጥ አብዛኛው አዋቂ ዛሬም ለሰው ሠራሽ ጥርሱ ይከፍላል።