ጭጋግና የትንንሽ አይሮፕላኖች አደጋ

በጭጋግ የተያዘ እግረኛ ይቆማል፤ ባለመኪናም ከመንገዱ ዳር ወጥቶ እስኪገለጥ ይጠብቃል። በአየር ላይ ያለ ሰው ግን መቆም አይሆንለትም፤ ነዳጁ ሳያልቅ ማረፊያ ማግኘት አለበት። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ችግር ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 1929 የአሜሪካ ጦር መኰንን የነበረው ጀምስ ዱሊትል፣ በኒውዮርክ አጠገብ ካለው ከሚቸል ፊልድ፣ ውጭውን እንዳያይ መቀመጫው በሸራ ተሸፍኖበት ተነሣ፤ ዞሮም በደኅና አረፈ። ለክፉ ቀን ሌላ መኰንን አብሮት ነበረ፤ ዱሊትልን የመሩት ግን ሰው ሠራሹ አድማስ፣ ከፍታ መለኪያውና ራዲዮው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ሥርዐቱ ተሻሻለ። ነጂው የራዲዮውን ጨረር ተከትሎ ይወርዳል። ከማኰብኰቢያው በላይ 60 ሜትር ያህል ሲቀረው መብራቱን ካላየ ወደ ላይ መመለስ ግዴታው ነው። አደጋው በብዛት የሚመጣው፣ «ጥቂት ልውረድና ልይ» ከሚል አሳብ ነው። በተጨማሪም ጭጋጉ ስስ ሲሆን ማኰብኰቢያው ከላይ ቍልጭ ብሎ ይታያል፤ ነጂው ወደ ጭጋጉ ሲገባ ግን መብራቱ ይጠፋበታል፤ ያን ጊዜ አፍንጫው ወደ ላይ የተነሣ እየመሰለው አይሮፕላኑን ወደ መሬት ይጫነዋል። ዐይን እንዲህ አድርጎ ያታልላል።

በዚያው በ1929 የተወለደው እንግሊዛዊው ግራሃም ሂል በመኪና እሽቅድድም ሁለት ጊዜ፣ በ1962 እና በ1968፣ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ኖቬምበር 29 ቀን 1975 ማታ ከደቡብ ፈረንሳይ ከቡድኑ አምስት ሰዎች ጋር በፓይፐር አዝቴክ አይሮፕላኑ ሲመለስ፣ ከለንደን በስተ ሰሜን ያለችው ኤልስትሪ በጭጋግ ተሸፍና ነበር። ኤልስትሪ ትንሽ ሜዳ ናትና ከላይ የተገለጸው የቍልቍለት ጨረር አልነበራትም። አይሮፕላኑ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው በአርክሌይ የጎልፍ ሜዳ ካሉት ዛፎች ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ስድስቱም ሞቱ።

መርማሪዎቹ ምክንያቱን ለይተው ሊቈርጡ አልቻሉም፤ የነጂው ስሕተት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ነገር ግን የአይሮፕላኑ ምዝገባ መሰረዙን፣ ሂል በመሣሪያ ለመብረር የነበረው ፈቃድም ጊዜው ማለፉን አገኙ። የወረቀት ማለፍ በራሱ አይሮፕላን አይጥልም፤ ይህን መለየት ይገባል። ሆኖም በዚህ ምክንያት ኢንሹራንሱ ዋጋ አጣ፤ ቤተ ሰቡም ከነበረበት ኑሮ እጅግ ዝቅ አለ። ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ የነበረው ዴመን ለትምህርቱ የሚሆነውን ገንዘብ ለማግኘት የቀን ሠራተኛ፣ ኋላም በሞተር ብስክሌት መልእክት አድራሽ ሆነ። በ1996 እርሱም እንደ አባቱ የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን በቃ።