የማይሸተው የጉድጓድ ውኃ

ከአዋሽ እስከ ሰመራ የምንኖር ሴቶች የጉድጓድ ውኃን በአፍንጫችንና ልብስ ላይ በሚተወው እድፍ እንለያለን። ዝገት ያለበትን አየር አስነክተን፣ አዝቅጠን እናጠልላለን፤ ጀርም ያለበትን እናፈላለን።

የወንዛችን ታሪክ ግን ይህ ብቻውን እንደማይበቃ ያስተምረናል። የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1954 እ.ኤ.አ. በላይኛው አዋሽ፣ በወንጂ፣ ስኳር ማምረት ሲጀምር ሠራተኞቹ ከነቤተሰባቸው የጉድጓድ ውኃ ይጠጡ ነበር። በውኃው ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ አይሸትም፤ ልብስም አያቆሽሽም። ዓመታት ሲያልፉ የልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ብዙ ነባር ሠራተኞች ጎንበስ ቀና ማለት ተሳናቸው።

ፍሎራይድን ማፍላት አያስወግደውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። በደንብ የከሰለ የከብት አጥንት ግን ይይዘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ እኛም ስናዋጣ፣ ለጋሾቻችንም ሲያግዙን፣ ከቁፋሮው ወጪ ጎን የምርመራውን ወጪ አብረን እንያዝ።