ርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያም

ከአዲስ አበባ መካከል ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ለሚል ሰው የእንጦጦ ተራራ እንደ ቅጥር ተገትሮ ይታየዋል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚህ ተራራ ላይ ስምንት ማዕዘን ያላት ርእሰ አድባራት እንጦጦ ማርያም ትገኛለች። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣው ሕዝብ አብዛኛው ጠበል ፈላጊ ወይም ነፋስ ለመቀበል የሚሻ ነው፤ የንጉሠ ነገሥት ዘውድ የተጫነባት ደብር መሆኗን የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው።

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን በእንጦጦ አደረጉ። ስፍራው ጠላትን ከሩቅ ለማየት ይመቻል፤ ለኑሮ ግን አይመችም። ብርዱ አጥንት ዘልቆ ይገባል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ ማገዶውም ብዙ ሳይቆይ ተመናመነ። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከፍልውሃው አጠገብ ቤት ካሠሩና ስፍራውን አዲስ አበባ ካሉት በኋላ መኳንንቱና ሠራዊቱ ቀስ በቀስ ወደ ቆላማው ሜዳ ወረዱ።

የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። አጤ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቆስለው ዐረፉ። ምኒልክም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በአቡነ ማቴዎስ እጅ ተቀብተው ዘውድ ሲጭኑ፣ ሥርዓቱ የተፈጸመው በታችኛው አዲስ ከተማ ሳይሆን በዚህችው በተራራዋ ደብር ነው። እቴጌ ጣይቱም በሦስተኛው ቀን ዘውድ ጫኑ። ዘመኑ ከብት ያለቀበት፣ ክፉ ቀን የተባለው ረኃብ የጀመረበት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ምን ታላቅ በዓል ተደረገ የሚል አይጠፋም፤ በእኔ አስተያየት ግን ዙፋኑ ባለቤት አጥቶ ቢሰነብት ኖሮ በረኃቡ ላይ የእርስ በርስ ጦርነት በተጨመረ ነበር።

የማገዶው ችግር ከተራራው አብሮ ወረደ። አዲስ አበባም በተራዋ በእንጨት እጦት ልትለቀቅ ተቃርባ፣ አዲስ ዓለም ለዋና ከተማነት ታስባ ነበር። ከተማይቱን ከመለቀቅ ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የተራቆተውን እንጦጦንም መልሶ ያለበሰው ይኸው ዛፍ ሆነ።

በደብሯ አጠገብ ባለው ቤተ መዘክር የነገሥታቱ አልባሳት ተቀምጠዋል። ከቅጥሩ ውጭ ባለው ቁልቁለት ደግሞ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች፣ ከሸክማቸው ብዛት ወገባቸው ጎብጦ፣ ለብዙ ዓመታት ወደ ከተማ ሲወርዱ ኖረዋል።