ከቅርፊቱ በታች

ሰው በሽታን የሚፈራው በሚገድለው መጠን ሳይሆን በሚታየው መጠን ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ለዚህም ከሶሪያሲስ ታሪክ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ክርንን፣ ጉልበትንና የራስ ቆዳን ብርማ ቅርፊት የሚያለብሰው ይህ ደዌ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ይሁን እንጂ በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከሥጋ ደዌ ጋር እየተምታታ ስንቱን ከቤቱና ከወገኑ አስለይቶታል።

እንግሊዛዊው ሐኪም ሮበርት ዊላን በ1808 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የቆዳ በሽታዎች መጽሐፍ የሕመሙን መልክ አጥርቶ ገለጸ፤ «ሌፕራ» የሚለውን አስፈሪ ስም ግን ከላዩ አላነሣለትም። ሁለቱን በሽታዎች በቁርጥ የለያያቸው በ1841 የቪየናው ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ነው። ታዲያ ከሥጋ ደዌ ስም ነፃ የወጣው ሕመምተኛ «ነገሩ የቆዳ ብቻ ነው» የሚል ሌላ አጥር ጠበቀው። ቅባቱም፣ የከሰል ቅጥራኑም፣ ብርሃኑም የሚያክሙት የሚታየውን ሆነ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክር የተፈተለው ከቆዳ ሐኪሞች ርቆ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ነው። በ1930 በሮክፌለር ኢንስቲትዩት ዊልያም ቲሌትና ቶማስ ፍራንሲስ የሳንባ ምች በያዛቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሕመሙ ሲበረታ የሚታይ፣ ሲሽር የሚጠፋ ነገር አገኙ። ኋላ ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን የተባለው ይህ ነገር፣ እኛ «ቁስሉ ተቆጣ» የምንለው፣ ሐኪሞች ብግነት የሚሉት ሁኔታ በሰውነት ውስጥ ሲነሣ ጉበት የሚያመርተው ምልክት ነው።

ሁለቱ ክሮች መቀራረብ የጀመሩት ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1978 ማክዶናልድና ካላብሬሲ የተባሉ ሐኪሞች የሶሪያሲስ ሕመምተኞች ከሌሎች የቆዳ ሕመምተኞች ይልቅ የደም ሥር መደፈን እንደሚበዛባቸው ጻፉ። በ1979 ደግሞ የሰውነትን የመከላከያ ኃይል የሚገታው ሳይክሎስፖሪን ቅርፊቱን ሲያጠራው ታየ፤ የበሽታው ሥር ከመከላከያ ኃይሉ ዘንድ መሆኑን ጠቆመ። በ1997 ፖል ሪድከርና ባልደረቦቹ ጤነኛ ከሚመስሉ ወንዶች መካከል ያ ፕሮቲን እጅግ ከፍ ያለባቸው፣ ዝቅ ካለባቸው ይልቅ ለድንገተኛ የልብ ሕመም ሦስት እጥፍ ያህል የተጋለጡ መሆናቸውን አሳዩ። በ2006 የጆኤል ጌልፋንድ ቡድን በብሪታንያ ከ130,000 የሚበልጡ የሶሪያሲስ ሕመምተኞችን መዝገብ መረመረ፤ ሕመሙ የጸናበት የ30 ዓመት ሰው ለዚሁ የልብ ሕመም ያለው ተጋላጭነት፣ ሶሪያሲስ ከሌለበት እኩያው ሦስት እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቆዳን የሚያስቆጡት መልእክተኛ ፕሮቲኖች በደም ይዘዋወራሉ፤ የኢንሱሊንን ሥራ ያውካሉ፤ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ ያስቆጣሉ። የሆድ ስብም በፈንታው ተመሳሳይ ፕሮቲኖችን ያመነጫል። ውፍረት፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ከቅርፊቱ ጋር ጎረቤት ሆነው መገኘታቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይደለም።

እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከድሉ ይልቅ ልብ የምለው ማስጠንቀቂያውን ነው። በ2017 ውጤቱ የታወቀው፣ ከ10,000 በላይ የልብ ሕመምተኞች የተካፈሉበት ሙከራ፣ ኮሌስትሮልን ሳይነካ ብግነትን ብቻ የሚያበርድ መድኃኒት አደጋውን በ15 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ደስታው ግን ምሉዕ አልሆነም። በ2018 አዳሊሙማብ በተባለው የሶሪያሲስ መድኃኒት የተደረገ ሙከራ ፕሮቲኑን ከደም ውስጥ ቢቀንሰውም፣ የትልቁን የደም ቧንቧ ብግነት ግን መድኃኒት ከሌለበት ባዶ መርፌ የተሻለ አላበረደም። ጭሱን መበተን እሳቱን ማጥፋት አይደለምና።

ያም ሆኖ በዚያው ዓመት የወጣው የአሜሪካ ልብ ሐኪሞች የኮሌስትሮል መመሪያ ሶሪያሲስን የልብን አደጋ ከሚያባብሱ ሕመሞች ተራ አስገባው። እንግዲህ ቅባት ተሰጥቶት ከሐኪም ቤት የሚወጣ የሶሪያሲስ ሕመምተኛ የደም ግፊቱ፣ ስኳሩና ኮሌስትሮሉ ሳይለካ ከቀረ፣ ዛሬም የታየለት ቅርፊቱ ብቻ ነው እላለሁ። «ልቤንስ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።